ማንም አልጠየቀንም

ዶክተር ወልደ ሐዋርያት የሞቱት ሐሙስ ረፋድ፣ አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። የአራት ሰዓት ተኩሉ የሻይ ዕረፍት ግን አልተሰረዘም። ቦምቦሊኖው አስቀድሞ ታዝዞ ነበርና።

ኢንስፔክተር የማርያምወርቅ ይህን የሰማችው ሰባት ሰዓት ላይ፣ ፈፋ ውስጥ፣ ከሬሳው አጠገብ ቁጢጥ ብላ ነው።

«ሻይ ጠጡ ነው የምትለኝ?»

«ምን ያድርጉ፤ መሞታቸውን የሰሙት ሁለተኛውን ብርጭቆ ከያዙ በኋላ ነው» አለ ሳጅን ባፈና።

ባፈና ሃያ ዓመት ያገለገለ፣ ልቡ ደግ፣ ግን ማንኛውንም ጉዳይ ከምሳ በፊት መዝጋት የሚወድ ሰው ነው። የዛሬውንም ከምሳ በፊት ዘግቶታል። ገዳይ ያለውን ዘበኛ ይዞ፣ ካቴና አጥልቆ፣ ፈፋው አፍ ላይ ድንጋይ ላይ አስቀምጦታል።

ቦታው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ተወጥቶ፣ አስፋልቱ ኮብልስቶን፣ ኮብልስቶኑም አፈር ሆኖ ሲያበቃ፣ እንጦጦ ወገብ ላይ ነው። እዚያ አንድ የሥልጠና ማዕከል አለ። በሩ ላይ የተወጠረው ባነር «የማኅበራዊ ጥናት ዘዴዎች የአምስት ቀን ሥልጠና» ይላል። የሰው በር እንዴት እንደሚንኳኳ፣ ምን ተብሎ እንደሚጠየቅ፣ የተመለሰውም ሳይጨመር ሳይቀነስ እንዴት እንደሚጻፍ ይማሩበታል። ከማዕከሉ ጀርባ ፈፋው አለ፤ አፋፉ ባሕር ዛፍ ነው። ከፈፋው ማዶ «ላይ ሰፈር» የሚባለው መንደር ይጀምራል።

የማርያምወርቅ አንሶላውን ገለጥ አደረገች። ስድሳን የተሻገሩ፣ ቀጭን፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ሰው ናቸው። በጀርባቸው ወድቀዋል፤ ማጅራታቸውን ድንጋይ አግኝቶታል። የኮታቸው የላይኛው ቁልፍ ከነክሩ ተነቅሏል።

«አዳልጦት የሚወድቅ ሰው ቁልፉን አይነቅልም» አለች። «ፊታቸው የቆመ ሰው ነበር። ኪሳቸውስ?»

ባፈና ማስታወሻውን አነበበ፦ «አንድ ሞባይል፣ አንድ መሐረብ፣ አንድ መነጽር ከነቤቱ፣ አንድ አረንጓዴ እስክሪብቶ፣ አንድ የታጠፈ የሥልጠና ወረቀት።»

«የሥልጠና ወረቀት ማለት?»

«ያው መጠይቅ ነዋ። እዚህ ግቢ ያንን ያልያዘ ዘበኛው ብቻ ነው።»

ላስቲክ ውስጥ የገባውን ወረቀት ተቀብላ አየት አደረገችውና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ወደ ዘበኛው ወጣች።

ጋሽ ነገሳ የማዕከሉ ስም ጀርባው ላይ የተጻፈበት፣ ለሌላ ሰው የተሰፋ የሚመስል ሰፊ ካፖርት ለብሰዋል። እጅጌው ላይ ደም ደርቋል። ካቴናው ደግሞ ለቀጭኑ የእጅ አንጓቸው ሰፍቶ ወደ ክርናቸው ይንሸራተታል።

«ጋሼ፣ እጅዎ ላይ ያለው የማን ደም ነው?»

«የሳቸው። ቀና አደረግኋቸው። በሕይወት ያሉ መስሎኝ።»

«ስንት ሰዓት?»

«ሩብ ጉዳይ ላይ። ለአምስት ማለቴ ነው። አጥሩን ልዞር ወጥቼ።»

«ትናንት ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«አልተጣላንም።»

«ግቢው ሙሉ ሰምቷል እኮ!» አለ ባፈና። «'ማንም አልጠየቀንም! ውሸታሞች!' ብለው ሲጮኹባቸው! ቢንያም የሚባለው ሠልጣኝ ነው መጀመሪያ የነገረኝ። ጨዋ ልጅ ነው፤ እያዘነ ነው የነገረኝ።»

«ጮኼአለሁ» አሉ ጋሽ ነገሳ። «ጩኸት ሁሉ ጠብ ነው እንዴ? ስሚኝ ልጄ። ትናንት ወደ ማታ ዶክተር ጠሩኝ። 'የዛሬ ሁለት ዓመት ስለ ውሃ የሚጠይቅ ሰው ቤትዎ መጥቶ ነበር?' አሉኝ። ኧረ ማንም አልኳቸው። ወረቀት አወጡ። 'እዚህ ላይ የርስዎም ቤት አለ፤ ውሃ የምንቀዳው ከቧንቧ ነው ብላችኋል፤ ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ብሏል' አሉኝ። ያኔ ነው የጮህኩት።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ቦኖው ለኛ ነበር የታሰበው። ቧንቧ አላቸው ተብሎ ሌላ ሰፈር ሄደ። ልጄ እየሩስ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ሆና፣ ጄሪካን አዝላ ከወንዝ ስትወጣ እዚሁ ፈፋ ላይ አዳለጣት። ፅንሱ አልተረፈም። ታዲያ 'ቧንቧ አለን ብላችኋል' ስባል ምን ልበል? ማንም አልጠየቀንም አልኩ። ውሸታሞች አልኩ። አሁንም እላለሁ።»

«ይኸው! ቂም!» አለ ባፈና፤ ሎተሪ እንደወጣለት ሰው።

የማርያምወርቅ አልዞረችም። «ዶክተሩስ ምን አሉ?»

«እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ። 'ነገ መልሱን እሰጥዎታለሁ' አሉኝ።» ሽማግሌው በአንሶላ ወደተሸፈነው ሰውዬ አዩ። «መልሱን ሳልቀበል ነው የምገድላቸው?»

ባፈና ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «በአሥር ሰዓት ወደ ጣቢያ አወርደዋለሁ፤ መኪናው ተነግሯል።»

ያንን ቁልቁለት ታውቀዋለች። ዘበኛ፣ እጁ ላይ ደም፣ ልቡ ውስጥ ቂም፣ ጩኸቱን የሰማ ጨዋ ምስክር። እንዲህ ያለ ሰው የሚወርድበት ሰዓት ይጻፋል፤ የሚመለስበት አይጻፍም። የማርያምወርቅ ሲያናድዷት ድምጿ ዝቅ ይላል። አሁን ባፈና ሊሰማት ጎንበስ አለ።

«ሦስት ሰዓት አለኝ» አለችው። «በዚህ ሦስት ሰዓት ውስጥ እኚህን ሰው ምሳ አብላልኝ።»

*

የማዕከሉ ባለቤት አቶ ለተጊዮርጊስ አዳራሹ ውስጥ ወንበር እየቆጠሩ ነበር። ነገ የመዝጊያ ሥነ ሥርዓት ነው፤ የተከበሩ እንግዶች ይመጣሉ። ሰውየው ሐዘናቸውን ከገለጹ በኋላ ወዲያው ሥነ ሥርዓቱን በኅሊና ጸሎት ይጀምሩት ወይስ በእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር ብለው አማከሯት።

«ዶክተሩ ጠላት ነበራቸው?»

«ጠላት? ዶክተር ቀጥ ያሉ ሰው ነበሩ። ቀጥ ያለ ሰው ደግሞ...» አቶ ለተጊዮርጊስ እጃቸውን ዘረጉ፤ ዓረፍተ ነገሩን እንግዳዋ እንድትጨርስላቸው። «ሰርተፍኬቱን አስቀድመው ይፈርሙልኝ ብዬ ትናንት ለምኛቸው ነበር። 'ለሁሉም እፈርማለሁ፤ ለአንዱ ግን አልፈርምም' አሉኝ።»

«ለማን?»

«'ነገ ራሱ ይነግርሃል' አሉኝ።»

ግድግዳው ላይ በተንጠለጠለው ትልቅ ወረቀት በአረንጓዴ ማርከር ቁጥሮች ተደርድረዋል፦ 43፣ 37፣ 52፣ 29፣ 61፣ 48፣ 34፣ 56፣ 39፣ 67። ከሥሩ፦ «እነዚህ የአንድ ሰፈር ነዋሪዎች ዕድሜዎች ናቸው። ይህን መረጃ ምን ነካው? መልሱ ነገ።»

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የትናንት የቤት ሥራ ነው። ከአንድ የድሮ ጥናት ያመጡት ነው፤ የዚሁ የላይ ሰፈር የውሃ ጥናት። ማንም አልመለሰውም። እውነቱን ልንገርዎት፣ እኔም ምንም አልታየኝም። ቁጥር ነው።»

የማርያምወርቅ ቁጥሮቹን ለረጅም ጊዜ ተመለከተቻቸው። አንድ ነገር ጎድሏል፤ የጎደለው ምን እንደሆነ ግን ገና አልያዘችውም።

ከሃያ ሁለቱ ሠልጣኞች አሥራ ዘጠኙ ለመስክ ልምምድ ጠዋት በመኪና ወደ አያት ኮንዶሚኒየም ወርደዋል። ላይ ሰፈር የተመደቡት ሦስት ብቻ ናቸው። ለእያንዳንዳቸው የሚጠይቋቸው ቤቶች ቁጥርና አሥር አሥር መጠይቅ ተሰጥቷቸው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተበትነዋል። ዶክተሩ በየመሀሉ እየዞሩ ይቆጣጠሩ ነበር።

መጀመሪያ የገባው ካሊድ ነው። እስከ አምና ድረስ ከመገናኛ ጉርድ ሾላ የሚኒባስ ረዳት ነበር። የሱሪው አንድ እግር እስከ ጉልበቱ ተተርትሯል።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ውሻ፣ ኢንስፔክተር። ሰፈሩ ውስጥ ቤቱን የጠበቀ እሱ ብቻ ነው። ምስጋና ይገባዋል።»

«ዶክተሩ ይቆጡህ ነበር አሉ።»

«አንድ ቀን ቢሆን! 'ካሊድ፣ ትጠይቃለህ ወይስ ተሳፋሪ ትጣራለህ?' ይሉኛል። መጠይቄን ሦስት ጊዜ መልሰውብኛል።» ሳቁ መሀል ላይ ቆመ። «በአራተኛው ግን 'አሁን ገና ሰማህ' አሉኝ። አባቴም እንደዚያ ብሎኝ አያውቅ።»

ያመጣው ሁለት የተሞላ መጠይቅ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ላይ የጻፈው ተመሳሳይ ነው፦ ሰው የለም። አንዱ ላይ ብቻ፦ ውሻ አለ፤ ሰው የለም።

ሰሚያ ተከተለች። ሶሺዮሎጂ ተመርቃ ሦስት ዓመት ሥራ የፈለገች፣ ምላሷ ስል የሆነ ልጅ ናት።

«ሦስት ቤት» አለች ሳትጠየቅ። «አንዲት አራስ፣ አንድ እግራቸውን የታመሙ አባት፣ አንዲት እናቷን የምታስታምም ልጅ። አለቀ። ሰነፍ ናት ካላችሁ ጻፉት።»

«ሌላው ሰውስ?»

«ቀብር ላይ ነዋ! የእድራቸው ዳኛ አርፈው ጠዋት ጥሩንባ ተነፍቷል። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሰፈሩ ነቅሎ ቤተ ክርስቲያን ሄደ፤ የተመለሰው አምስት ሰዓት ተኩል ነው። ሽማግሌውን ያሰራችሁት ግን... ሰውየውን ታውቋቸዋላችሁ? በየቀኑ ጠዋት 'አደራችሁ?' ብለው መልሱን ቆመው የሚሰሙ ብቸኛ ሰው ናቸው። እኛ እዚህ አምስት ቀን የምንማረውን እሳቸው ይዘውት ነው የተወለዱት።»

«ዶክተሩን አየሻቸው?»

«አራት ሰዓት ላይ ከሩቅ። ወደ ባሕር ዛፉ ሲሄዱ።»

ሦስተኛው ቢንያም ነበር። ሸሚዙ እንደተተኮሰ ነው። ከመቀመጡ በፊት ወንበሩን በመሐረብ ጠረገ።

«ሪሊ፣ ኢንስፔክተር፣ ሾክድ ነኝ። ዶክተር ለኔ እንደ አባት ነበሩ።»

«ስንት ቤት ጠየቅህ?»

«ስምንት። ሁሉም ኮኦፐሬቲቭ ነበሩ። የሰፈሩ ሰው እንግዳ ይወዳል።»

«ዶክተሩን መጨረሻ ያየሃቸው መቼ ነው?»

«ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ እዚሁ። ከዚያ በኋላ ዓይናቸውን አላየሁም።»

«ይህን ሥራ ከዚህ በፊት ሠርተሃል?»

«አራት ዓመት። ለሰርተፍኬቱ ነው የመጣሁት። ሰኞ ለትልቅ ጥናት ሱፐርቫይዘር ሆኜ እጀምራለሁ፤ ስድሳ ሰፈር ነው።»

«ላይ ሰፈርን ታውቀው ነበር?»

«ኧረ፣ ፈርስት ታይሜ ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዘበኛው ግን... እንዳይከፋባቸው እንጂ፣ ትናንት አስፈሪ ነበሩ።»

*

መጠይቆቹን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋቻቸው። የካሊድ ጽሑፍ ዳገት እየወጣ ቁልቁል ይወርዳል። የሰሚያ በሥርዝ ድልዝ ተሞልቷል፤ «አላውቅም አሉ»፣ «አለቀሱ፤ ዘለልኩት» የሚል ሁሉ አለው። የቢንያም ንጹሕ ነው። አንድ ሥርዝ የለበትም፤ በስምንት ቤት አንድም ሰው አላመነታም።

ከዚያ ዕድሜ የሚለውን ረድፍ ብቻ እያየች ወረደች። የካሊድ፦ 50፣ 45። የሰሚያ፦ 30፣ 70፣ 28። የቢንያም፦ 38፣ 44፣ 31፣ 57፣ 63፣ 42፣ 49፣ 26።

ቀና ብላ ግድግዳውን አየች።

በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ፣ ፖሊስ ከመሆኗ በፊት፣ ቆጣሪ ሆና ሰሜን ሸዋ ገጠር ዘምታለች። አንድ ሽማግሌ ዕድሜያቸውን ስትጠይቃቸው ሰማይ ሰማይ አይተው «ሃምሳ ብለሽ ጣፊው» አሏት። ሚስታቸው አርባ፣ ጎረቤታቸው ስድሳ፣ የጎረቤታቸው እናት ሰማንያ። ሰው ዕድሜውን በአሥርና በአምስት ነው የሚያስቀምጠው፤ በተለይ የልደት ቀኑን የጻፈለት የሌለ ሰው። አርባ ሦስትና ሃምሳ ሰባት እያለ የሚደረድር ሰፈር የለም። እንዲህ የሚደረድር አንድ ሰው ብቻ ነው፦ ቁጥሩ ከራሱ የመጣ፣ እውነት እንዲመስልለትም አሥሩን የሚሸሽ።

ተነስታ ወደ ላይ ሰፈር ወጣች። ከቢንያም መጠይቆች አንዱ የቤት ቁጥር 118 ይላል፦ ሴት፣ ዕድሜ 63፣ የአራት ልጆች እናት፣ ውሃ ከቧንቧ። ከቀብር የተመለሰች አንዲት ሴትዮ፣ የቀብር ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች፣ በሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አሳየቻት። ቆርቆሮ ቤት ነው። የተቆለፈ።

«እዚህ ማን ነው የሚኖረው?»

«እዚህ?» ሴትዮዋ ፖሊሷን በሐዘኔታ አየቻት። «የእድሩ ድንኳን ነው የሚኖረው። አግዳሚና ብረት ድስት።»

የማርያምወርቅ ቁልቁል ስትመለስ ስልኳን አውጥታ ደወለች። የውሃውን ጥናት ያሠራው ድርጅት ውስጥ ስልክ ያነሳችው ልጅ ፋይሉን ለማግኘት ሩብ ሰዓት ፈጀባት። የላይ ሰፈርን መረጃ የሰበሰበውን ሰው ስም ለመጥራት ግን አንድ ትንፋሽ በቃት።

*

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ተቀመጡ፦ አቶ ለተጊዮርጊስ ፊት ወንበር ላይ፣ ሦስቱ ሠልጣኞች በረድፍ፣ ባፈና በሩ ጋ፣ ጋሽ ነገሳ ከነካቴናቸው መስኮቱ ሥር። ውጭ ወደ ጣቢያ የሚያወርደው መኪና ሞተሩን አስነስቷል።

የማርያምወርቅ ግድግዳው ላይ ወዳለው ወረቀት ሄደች።

«ዶክተሩ የጠየቁት ጥያቄ አልተመለሰም። እኔ ልመልሰው። ይህን መረጃ የነካው ነገር፣ ማንም ያልተጠየቀ መሆኑ ነው። በዜሮ ወይም በአምስት የሚያልቅ ዕድሜ ፈልጉ። የለም። ካሊድ፣ አንተ ያገኘኸው ሰውዬ ስንት ነኝ አለህ?»

«'ሃምሳ በለው፣ ምን ታደርግበታለህ' አለኝ።»

«ይኸው። ሰው እንዲህ ነው የሚመልሰው። ይህን ዝርዝር የጻፈው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሰው የሚፈጥር ሰው ነው። ላይ ሰፈር ቧንቧ አለው ያለውም እሱ ነው፤ ስሙን ጥናቱን ያሠራው ድርጅት ነግሮኛል።» ስምንቱን መጠይቆች አነሳች። «እነዚህ ደግሞ የዛሬ ናቸው። ስምንት ሰው፤ አሁንም አንድ ዜሮ፣ አንድ አምስት የለም። ዶክተሩ አንድ ነገር እንዳወቁ ይህ ሰው ትናንት ገብቶታል፤ ዝርዝሩ የራሱ ነውና ለይቶታል። በምን እንዳወቁበት ግን አልገባውም። መልሱ ለዛሬ ነበር የተቀጠረው። ስለዚህ ያንኑ ስሕተት ደገመው።»

ቢንያም ፈገግ አለ። «ኢንስፔክተር፣ ዊዝ ሪስፔክት፣ ይሄ ኮኢንሲደንስ ይባላል። ስታቲስቲክስ ላይ...»

«ዛሬ ስምንት ቤት ሰው አገኘህ። ስንት ሰዓት?»

«ከሦስት እስከ አራት ተኩል።»

ሰሚያ ወንበሯ ላይ ዞረች። «የት ሰፈር? ቀብር ነበር እኮ! አንድ በር የተከፈተ የለም!»

ቢንያም ወደ ሰሚያ ዞረ። ቀብር መኖሩን የሰማው ገና አሁን መሆኑን ፊቱ ተናገረ። ሰፈሩ ውስጥ እግሩ አልገባማ።

«ቤት ቁጥር 118» አለች የማርያምወርቅ። «የአራት ልጆች እናት። ሄጄ አየኋት። ድንኳን ናት።»

ካሊድ ሳቅ አመለጠው። ከዚያ አፈረና አቀረቀረ።

«እሺ!» አለ ቢንያም። «ልምምድ ነው ብዬ ሞላሁት። ፋይን። ሰነፍሁ። ስንፍና መግደል ነው እንዴ?»

«አይደለም። ለዚህ ነው የምቆጥረው። ከ21 እስከ 30 አሥር መጠይቅ ተሰጥቶሃል። ስምንት የተሞላ፣ አንድ ባዶ መለስክ። ዘጠኝ ነው። 27 የት ሄደ?»

«ነፋስ ወሰደብኝ።»

«ነፋስ የት አደረሰው መሰለህ?» ቦርሳዋን ከፍታ ላስቲኩን አወጣች። ባፈና በሩ ጋ አንገቱን አሰገገ፤ ወዲያውም ጫማውን ማየት ጀመረ። «ሳጅን 'የሥልጠና ወረቀት' ብሎ የመዘገበው ነው፤ ከዶክተሩ ኪስ የተገኘ። ቁጥር 27። ግማሹ በአንተ እጅ ጽሑፍ ተሞልቷል። አቶ ለተጊዮርጊስ፣ ዶክተሩ መስክ ላይ የሚያዩትን መጠይቅ ምን ያደርጉት ነበር?»

አቶ ለተጊዮርጊስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በአረንጓዴ ሰዓቱንና ቦታውን ይጽፉበታል። ሁልጊዜ።»

«በአረንጓዴ እንዲህ ይላል፦ 'አራት ሰዓት ከአምስት። ባሕር ዛፍ ሥር። መላሽ የለም።'»

ውጭ የመኪናው ሞተር ያጓራል።

«ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ዓይናቸውን አላየሁም ብለሃል። አግኝተውሃል። ወረቀቱን ከእጅህ ወስደው፣ ጽፈውበት፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ልትነጥቃቸው ኮታቸውን ያዝክ፤ ቁልፉ ተነቀለ። ገፋሃቸው።» ድምጿ ዝቅ ብሎ ዝቅ ብሎ፣ ሁሉም ወደፊት አዘነበለ። «እስከዚህ ድረስ ደንግጦ ነው ልልህ እችል ነበር። ግን ከ27 በኋላ 28 አለ። 29 አለ። ሁለቱም ተሞልተዋል። ሰውዬው ፈፋ ውስጥ ወድቀው፣ ይተንፍሱ አይተንፍሱ ወርደህ ሳታይ፣ ተመልሰህ ተቀመጥክና ሁለት ሰው ጨመርክ። አንዲት የአርባ ዘጠኝ ዓመት ሴት። አንድ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት። የመጨረሻውን ጥያቄ ላንብብልህ? 'መላሹ ተመስግኗል?' አዎ ብለሃል። በሁለቱም ላይ። ከዚያ ሄደህ ቦምቦሊኖ በላህ። ከዚያ ለሳጅኑ እኚህን ሰው ጠቆምክለት።»

ቢንያም ተነሳ። ጨዋነቱ እንደ ሸሚዝ ከላዩ ወለቀ።

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሠራው! አንድ ሰው ብቻ ልትይዙ ነው? በቀን አሥራ አምስት ቤት እያሉ! በአንድ ወረቀት የሰኞን ሥራ ሊያሳጡኝ ነበር! ለምኛቸዋለሁ! 'ቆመህ ራስህ ትነግራቸዋለህ' አሉኝ፤ ለዘበኛ! ደግሞስ ማን ያነበዋል? ሪፖርቱን ማንም አያነበውም!»

«አንብበውታል» አለች። «ችግሩ እሱ ነው። አንብበው፣ አምነው፣ ቦኖውን ወሰዱት።»

ጋሽ ነገሳ ከመስኮቱ ሥር ተነሱ። ባፈና ሊይዛቸው ተንቀሳቅሶ ተወው። ሽማግሌው ቢንያም ፊት እስኪደርሱ ሄዱና ቆሙ። የታሰሩትን እጆቻቸውን አላነሱም።

«እኔ ቤት ስንት ልጅ ጻፍክ?» አሉት።

ቢንያም ወለሉን አየ።

«ስንት ጻፍክ? ልወቀው። የኔ ቤት ነው።»

«አላስታውስም» አለ።

«እኔ አስታውሳለሁ» አሉ ጋሽ ነገሳ።

ሐሰትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። ይሄኛው ሁለት ዓመት አድሮ አልቀለለም፤ ሁለት ሬሳ ከብዶ ነው የተገኘው፤ አንዱ ስም ያልወጣለት።

ባፈና የያዘው ካቴና አንድ ነው። ከሽማግሌው እጅ ሲፈታው በይቅርታ ፈንታ አንጓቸውን በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገላቸው። ከዚያ ያንኑ ካቴና ቢንያም እጅ ላይ አጠለቀው። ልክ ነበር። መኪናው በአሥር ሰዓት ወረደ፤ ቀጠሮው አልተዛነፈም።

አቶ ለተጊዮርጊስ በዝግታ ወደ የማርያምወርቅ ተጠጉ። «እና... የነገው ሥነ ሥርዓት?»

ያየቻቸው አስተያየት መልስ ሆናቸውና ወደ ወንበሮቻቸው ተመለሱ።

ካሊድና ሰሚያ አልሄዱም። የማርያምወርቅ ከካሊድ ባዶ መጠይቆች አንዱን አነሳች። ወንበር ስባ ከጋሽ ነገሳ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ጊዜ አለዎት?»

«ዛሬ? ሞልቶ።»

«ዕድሜዎ ስንት ነው?»

ሽማግሌው ጣሪያውን አዩ።

«ስድሳ ብለሽ ጻፊው» አሉ። «ስድሳ አምስትም ሳይሆን አይቀር።»

ጻፈችው።

«ውሃ ከየት ነው የምትቀዱት?»

ጋሽ ነገሳ በመስኮቱ ወደ ፈፋው አዩ። ከቀበና ወንዝ አናት እስከ ቤታቸው ያለውን ዳገት በሐሳባቸው የሚወጡ ይመስሉ ነበር፤ ከነጄሪካኑ። ከዚያ መናገር ጀመሩ። ለመልሱ የተተወው ቦታ አንዲት መስመር ነው። መስመሯ ሞላች፤ ኅዳጉም ሞላ። የማርያምወርቅ «ቆይ» አላለችም። ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባው ላይ መጻፍ ቀጠለች።